ያልተጻፍኩበት ዝርዝር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬም እንደ ትናንቱ።

1. የጠዋቷ ኪኒን — ተውጣለች።
2. ትልቋ፣ ኮትሪሟ (ኮትሪሞክሳዞሏ) — ተውጣለች። ጉሮሮ ላይ ትቆማለች… ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣሁባት።
3. ውሃ ፈልቷል። ፔርሙሱ ሞልቷል።
4. እንቁላል እስኪጠነክር ተቀቅሏል። ልጄ ‹‹ድንጋይ ነው እንዴ የምታበላኝ አባዬ?›› አለች።
5. እጅ በሳሙና — አምስት ጊዜ። ስድስት?
6. የሥራ ቦታ መስኮት — አልተከፈተም።
7. ለልጄ መንገር — ወደ ነገ።

ሰባተኛዋ ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ነገ ናት። በየቀኑ እጽፋታለሁ፣ በየቀኑ አሳድራታለሁ። ‹‹የጨጓራ መድኃኒት ነው›› ብያታለሁ፤ አምናለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷን ከቀበርን አራት ዓመት ሆነ። እና አሁን ‹‹አባትሽም…›› ልበላት? ፈተናዋ ይለፍ። ፈተና ደግሞ አያልቅም።

ሐምሌ ላይ ሲስተር የነገረችኝን እዚህ ልድገመው፣ ሲጨንቀኝ እንዳነበው። ሲዲፎሬ፣ ደሜ ውስጥ በሽታ የሚከላከለው ሕዋስ ቁጥር፣ ስልሳ ስምንት ነው። ከሁለት መቶ በታች ሲሆን አጥሩ ፈርሷል ማለት ነው አለችኝ። ‹‹ሰውን ቶሎ የሚጥለው ኤችአይቪው ራሱ አይደለም ጋሼ፤ በፈረሰው አጥር የሚገባው ጀርም ነው። ሌላው ሰው አስነጥሶ የሚያልፈው እርስዎን አልጋ ላይ ያውልዎታል።›› የጠዋቷ ኪኒን አጥሩን ትሠራለች፣ ግን ወራት ይፈጃል። ኮትሪሟ እስከዚያ በር ላይ የምትቆም ዘበኛ ናት። ውሃ ማፍላት፣ ጥሬ አለመብላት፣ እጅ መታጠብ፣ መስኮት መክፈት፣ ከሚስል ሰው መራቅ።

ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቁት ሦስት ናቸው። ሲስተር፣ እኔ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሙጫ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

1-5 በሙሉ። 6 የለም። 7 ወደ ነገ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ከሙጫ ጋር በመስኮቱ ተጨቃጨቅን። ደግሞ።

የመጽሐፍ ጥረዛ ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ጥግ ላይ መቁረጫ ማሽኑ አለ፣ ቆራጯ እዚያ ነው የምትቆመው። መሀል ላይ የእኔና የሙጫ ጠረጴዛ። እሱ ሉህ ያጥፋል፣ እኔ እሰፋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ በአንድ አምፖል። ሙጫ ያልነው ሙጫ ስለሚያፈላ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከያዘህ አይለቅህም። ባለቤቴ ስትሞት ሦስት ሳምንት እቤቴ ወለል ላይ ተኝቷል። ልጄ አጎቴ ነው የምትለው።

መስኮቱን ግን አይከፍትም። አንድ የንፋስ ሽው ሲመጣ የታጠፈው ሉህ ሁሉ ይበተናል፣ የገጹ ተራ ይፋለሳል፣ ግማሽ ቀን ለቀማ ነው። እውነቱን ነው። ግን…

‹‹ትንሽ ብቻ›› አልኩት።
‹‹ትንሽ የሚባል ንፋስ የለም አቶ ዝርዝር። ወይ ይገባል ወይ አይገባም።››
‹‹ሲስተር ብላለች።››
‹‹ሲስተር መጥታ ሉህ ትልቀምልህ! ዘበኛህን ውጠሃል አይደል? ምን ይሠራል ታዲያ? ተኝቷል?››
ቆራጯ ሳቀች፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት። እኔም ሳቅሁ።

ሌላ ነገር። የሽንት ቤቱ ውሃ ዛሬም ብርቱካናማ ሆኖ አገኘሁት። ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። የመዝገብ ጠርዝ ቀይ ስንቀባ ብሩሹን እዚያ የሚያጥብ ሰው አለ። ቀለሙ መርዝ ነው፣ ሳህኑንም ያበላሻል። ወጥቼ ‹‹ማነው ሽንት ቤት ውስጥ ብሩሽ የሚያጥበው?›› ብዬ ጮህኩ።
ቆራጯ፦ ‹‹እኔ ቢላ እንጂ ብሩሽ አልነካም።››
ሙጫ፦ ‹‹እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። ከዛሬ በኋላ ውጪ ቧንቧ ላይ አጥባለሁ።››

ይሄ ነው የምወድለት። ጥፋቱን ቶሎ ያምናል።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት ቲሸርቴ ተጨምቆ የሚወጣ ነበር። ላብ። ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው፤ ልጄ ናት የደረበችልኝ። ነገ አንዱን አነሳለሁ።

ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገብቷል። ወይስ ድሮም እዚያ ነበር? መጻፍ ነበረብኝ። ከእንግዲህ የቀበቶ ቀዳዳም ይጻፋል።

7 ወደ ነገ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ጤና ጣቢያ። ደስ የሚል ቀን።

በመጨረሻ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ገብቷል። ከሐምሌ ጀምሮ ‹‹አልመጣም›› ነበር የሚባለው። በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት። ሲስተር እንዳለችው በእኔ ዓይነቱ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ጀርም ቲቢ ነው፤ አጥር ሲፈርስ እሱ ነው አንደኛ የሚገባው። በፊት ግን መኖሩን ያጣራሉ፣ ምክንያቱም ያለበት ሰው መከላከያውን ብቻ ቢወስድ አይበቃውም። ጥያቄዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፦

‹‹ሳል አለ?›› የለም።
‹‹ትኩሳት?›› የለም።
‹‹ማታ ማታ ያልብዎታል?››
… የለም አልኩ። ብርድ ልብሱን አንስቼ የለ? መድኃኒቱ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አራት ወር ጠብቄው፣ በብርድ ልብስ የተነሳ ‹‹ቆይ እንመርምር›› ልባል?
‹‹ክብደት?›› ሚዛኑ ላይ አንድ ኪሎ ቀንሷል። ‹‹ጫማ አውልቄ ነው›› አልኩ። እሷም ፈገግ አለች፣ ወረፋው ረጅም ነበር።
‹‹አጠገብዎ የሚስል ሰው? ቤት? ሥራ ቦታ?››
‹‹የለም ሲስተር።››

ሙጫ ይስል ነበር፣ በክረምቱ። ግን የወረቀት አቧራ ነው። አሥራ አራት ዓመት እንስላለን ሁላችንም። አሁን ደግሞ ከናካቴው ትቶታል።

እዚያው ዋጥኩ። ስወጣ ‹‹ሽንትዎ ብርቱካናማ ይሆናል፣ እንዳይደነግጡ›› አለችኝ።
‹‹ልክ እንደ ጠርዝ ቀለማችን›› ብዬ አሳቅኋት።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ጠዋት እቤት። ሽንት ቤት።

ብርቱካናማ።

ቆሜ አየሁት። አልደነገጥኩም፣ ነግራኛለችና። ውሃ ልለቅበት እጄን ስዘረጋ ቆመ እጄ።

ይሄን ቀለም አውቀዋለሁ። ቀይ አይደለም። ጠርዝ የምንቀባው ቀለም ቀይ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሮዝ ነው የሚሆነው… አሥራ አራት ዓመት አጥቤው እንዴት ረሳሁት? ሮዝ ነው። ብርቱካናማ ሆኖ አያውቅም።

‹‹እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።››

ሥራ ሄድኩ። መርፌው ሁለቴ ጣቴን ወጋኝ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ምናልባት፦
ሀ. እሱም መከላከያ ጀምሯል። (ለምን? እሱም እንደ እኔ ነው? ቢሆን ይነግረኝ ነበር። እኔ ነግሬው የለ?)
ለ. የሌላ መድኃኒት ነው። ቫይታሚንም ያቀልማል ይላሉ።
ሐ.

ሐን አልጽፋትም።

ቀኑን ሙሉ አየሁት። ሉህ ሲቆጥር አውራ ጣቱን ይልሳል። ድሮም ይልሳል። የላሰውን ሉህ ይሰጠኛል፣ እኔ እሰፋዋለሁ። ክሩን በከንፈሬ ሳሾል አስቤው አላውቅም። መስከረም ላይ ‹‹የእናቴ የመሬት ጉዳይ›› ብሎ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር። የሁለት ሰው ሥራ ብቻዬን ሠራሁለት፤ ሲመለስ ‹‹ወንድሜ ነህ›› አለኝ። ያኔ ነው ሳሉ የቀረው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ጠየቅኩት።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። ቆራጯ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ማሽኑን ጠርጋ፣ ሻርፗን አስራ፣ ‹‹አትጣሉ እናንተ ባልና ሚስት›› ብላ ወጣች። እንደ ሁልጊዜው።

‹‹ብሩሹ የት ነው?›› አልኩት።
‹‹የቱ ብሩሽ?››
‹‹ሽንት ቤት የምታጥበው።››
ሉህ እያጠፈ ነበር። እጁ ቆመ። ቀና ሳይል ‹‹ማን ነገረህ?›› አለ።
ማን ነገረህ! ምን አይደለም፣ ማን።
‹‹ሽንቴ ነገረኝ።››

ከዚያ ሁሉም ወጣ፣ እየተቆራረጠ። ነሐሴ መጨረሻ ነው ያወቀው። ቲቢ ነው፣ አክታው ውስጥ ተገኘ። ሽንት የሚያቀልመውን የስድስት ወር መድኃኒት ጀመረ።
‹‹የእናትህ መሬትስ?››
‹‹እናቴ መሬት ኖሯት አያውቅም።›› ሊስቅ ሞከረ፣ አልሳቅሁለትም። ‹‹ሁለት ሳምንት ከዋጥክ በኋላ አታስተላልፍም ስላሉኝ ነው የቀረሁት። ለአንተ አስቤ ነው እኮ!››
‹‹አስበህልኝ… ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ ፊቴ ላይ ስትስል የነበረውስ?››
‹‹ያኔ እኔም አቧራ ነው ብዬ…››
‹‹ስታውቅስ? ስታውቅ አፍህ የት ሄደ?››

ከዚያ ያለው ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለ። እሱ የሚሄድበት ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ቅጽ ይዛ ጠይቃዋለች። ከማን ጋር ነው የምትኖረው፣ ከማን ጋር ነው የምትውለው፣ ስማቸውን ንገረኝ፣ ይመርመሩ፣ መከላከያ ይሰጣቸው። ይሄ ሰው፣ አንድ እጅ ርቀት ላይ አሥራ አራት ዓመት የተቀመጥኩት ሰው፣ ሲዲፎሬን ከእኔ እኩል የሚያውቅ ሰው፣ ምን አላት?

‹‹ብቻዬን ነው የምሠራው አልኳት።››

‹‹ብቻህን?››
‹‹ስምህን ብሰጥ እዚህ ይመጣሉ። አለቃ እያለ፣ ቆራጯ እያለች፣ ሌላ በሽታ አለብህ ወይ ይሉሃል። ምን ልትል ነበር? አንተ ነህ ያስማልከኝ! ‹በልጄ ሞት፣ ማንም እንዳይሰማ› አላልክም?››
‹‹በመሐላዬ አታሳብብ። የትኛው ነው? ለእኔ ብለህ ነው ወይስ ለሥራህ?››

የሙጫ ድስቱ ከስር ፈልቶ ይንተከተካል፣ ማንም አላወረደውም።

‹‹መጀመሪያ ለራሴ ነው›› አለ። ‹‹አለቃ ያባርረኛል ብዬ ነው። የአንተን ምክንያት በኋላ ነው ያገኘሁት… እንደ ሽፋን ለጠፍኩበት።››

ከዋሸ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

መስኮቱን ሄጄ ከፈትኩት። በሙሉ። የቀኑ ሥራ ሁሉ፣ አራት መቶ ምናምን ሉህ፣ ክፍሉን ሞላው። እሱ አልተነሳም። እኔም አልለቀምኩም። ወጣሁ።

ኅዳር 8፣ እሁድ

ለሙጫ የነገርኩት፣ ለሌላ ሰው ያልነገርኩት፦
1. በሽታዬን። በሰማሁበት ቀን።
2. ስልሳ ስምንትን።
3. ባለቤቴም በዚሁ ሞታ ይሆናል የሚለውን። እሷን ሳንባ ምች ነው አሉን፤ ደሟን ያየ አልነበረም።
4. ልጄን ትልቅ ቦታ ሳላደርስ መሞት እንደምፈራ።

ሁሉንም ያውቃል። እያወቀ መስኮት ይዘጋብኛል።

ዛሬም አልቦኝ ነው የነቃሁት። ብርድ ልብሱ ቀጭኑ ነው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሥራ አልሄድኩም። በቀጥታ ወደ ሲስተር።

‹‹የሚስል ሰው ነበር›› አልኳት። ላቡንም ነገርኳት። የቀበቶውን ቀዳዳም።
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ‹‹ጋሼ፣ ያልብዎታል ወይ ብዬ ረቡዕ ጠይቄዎት ነበር።››
‹‹ብርድ ልብሱ ነው ብዬ…››
‹‹ስለ ብርድ ልብሱ አልጠየቅኩም።››

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ደስ ባለኝ። የሳምንቱን ኪኒን ተቀበለችኝና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሽንት ሰጠሁ፣ አክታ ሰጠሁ (ከየት ላምጣ? ግማሽ ሰዓት ስታገል)፣ የደረት ራጅ ተነሳሁ። ማስክ ሰጡኝ።

ልጄ ማስኩን አይታ ‹‹ምንድነው?›› አለች።
‹‹አቧራ በዝቷል ሥራ ቦታ።››

የማንን ቃል እንደተጠቀምኩ አሁን ስጽፈው ነው የታወቀኝ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ተገኘብኝ። ሳንባ ነቀርሳ።

‹‹በጊዜ ነው የያዝነው›› አለች ሲስተር። ይድናል፣ ስድስት ወር፣ ኮትሪሟ አትቋረጥ፣ የጠዋቷ ኪኒን ማታም ትደገማለች ምክንያቱም አዲሱ መድኃኒት ጉልበቷን ይቀንሰዋል። ሁሉንም ጻፍኩ። እጄ ጥሩ ይጽፋል፣ ሌላው አካሌ ነው ያስቸገረኝ። ሁለት ሳምንት ሥራ የለም።

ከዚያ ቅጽ አወጣች። አወቅኩት፣ አይቼው ባላውቅም።

‹‹ከማን ጋር ነው የሚውሉት?››
ሰጠኋት። የጥረዛ ቤቱን አድራሻ፣ ቆራጯን፣ አለቃን። እሱንም። ‹‹የማንንም ስም አንጠራም፣ የታመመ ሰው አለ ብለን ሁሉንም ነው የምንመረምረው›› አለችኝ። ይህችን ያህል ቀላል ነበረች? ይህችን ነው ሙጫ የፈራው?

‹‹ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? ልጅዎ እህትዎ ጋ ነበረች፣ አይደል?››
‹‹አዎ›› አልኩ። ‹‹ብቻዬን ነኝ።››

ወጣሁ። መንገድ ተሻገርኩ። ዳቦ ገዛሁ። ሁለት ዳቦ፤ አንድ ለእኔ አንድ ለእሷ። ሁለተኛውን ስቀበል ነው የገባኝ።

ብቻዬን ነው የምሠራው።
ብቻዬን ነኝ።

ሐምሌ ላይ ሲስተር ‹‹ልጅ ካለዎት ትመርመር›› ስትለኝ ነው እህት የፈጠርኩት። እህት የለኝም። አሁን ያቺን እህት እንደገና አመጣኋት… ልጄ በአንድ ግድግዳ ልዩነት እየተኛች፣ የእኔን አየር እየሳበች።

ለእሷ ብዬ ነው? ወይስ ለራሴ? መጀመሪያ ለራሴ ነው። ዓይኗን ፈርቼ። ፈተናውን በኋላ ነው የለጠፍኩበት።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

7.

ከትምህርት ቤት ስትመጣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ ማስክ አድርጌ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።
‹‹ምን ሆነሃል? ሌባ መሰልክ እኮ።››
‹‹ቁጭ በይ። እዚያ፣ ራቅ ብለሽ።››

በወረቀት ጽፌው ነበር፣ እንዳይምታታብኝ። አንድ፣ የጨጓራ መድኃኒት አይደለም። ሁለት፣ ኤችአይቪ ነው። ሦስት፣ አሁን ደግሞ ቲቢ…
‹‹አትቁጠርብኝ!›› አለች። ‹‹ዝም ብለህ ንገረኝ፣ አትቁጠርብኝ አባዬ!››

ሳልቆጥር ነገርኳት። ሳልቆጥር ስናገር አለቅሳለሁ ለካ።

‹‹እማዬስ?››
‹‹አላውቅም።››
‹‹እኔስ?››
‹‹አላውቅም። ነገ እንሄዳለን።››

አላለቀሰችም። ደብተሯን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች።
‹‹መቼ ነው ያወቅከው?››
‹‹ሐምሌ ዘጠኝ።››
‹‹ማን ያውቃል?››
‹‹ሙጫ።››
‹‹ለእሱ መቼ ነገርከው?››
ማስኬን አስተካከልኩ።
‹‹መቼ?››
‹‹ሐምሌ ዘጠኝ።››

‹‹ለአጎቴ በቀኑ›› አለች። ‹‹ለእኔ በአራት ወሩ።›› ከዚያ ‹‹እንቁላሉን ድንጋይ እያደረግክ፣ ውሃ እያፈላህ፣ እጅሽን ታጠቢ እያልክ… እኔ ደግሞ አባዬ ሲያረጅ ነጭናጫ ሆነ ብዬ ለጓደኞቼ ስስቅብህ። ከጀርም እንድጠብቅህ አንዴ ብትነግረኝ እጠብቅህ ነበር እኮ!››

ክፍሏ ገባች። በሩን አልወረወረችውም። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ያ ነው የባሰው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

አብረን ሄድን። አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ወንበር ከፊቴ ተቀመጠች።

ሲስተር ቀና ብላ አየቻት፣ አየችኝ። ‹‹እህትዎ ጋ የነበረችው ናት?››
‹‹አባዬ እህት የለውም›› አለች ልጄ።

ሲስተር ቅጹን አውጥታ ‹‹ብቻውን›› የሚለውን ሰረዘችና እስክሪብቶውን ለልጄ ሰጠቻት። ስሟን ራሷ ጻፈች። ጥሩ ጽሕፈት አላት፣ የእናቷ።

ውጤት፦
ኤችአይቪ — የለባትም።
ቲቢ — የለባትም።

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ልይዛት እጄን ስዘረጋ ‹‹ማስክህ ወርዷል›› አለችኝ።

መከላከያውን ለእሷ ሰጧት። ያንኑ፣ በሳምንት አንዴ፣ አሥራ ሁለት ሳምንት። ሙጫ ስሜን ሰጥቶ ቢሆን ለእኔ ነሐሴ ላይ ሊደርሰኝ ይችል የነበረውን።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አምስተኛ ቀን። ‹‹ምግብ ቀርቧል›› ትላለች። ‹‹መድኃኒትህ።›› ሌላ ቃል የለም። ኪኒን ስውጥ ቆማ ታየኛለች።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሙጫ መጣ። ልጄ ናት በር የከፈተችው፣ ከውስጥ ሰማሁ።

‹‹እንደምን ዋልሽ የአጎትሽ…››
‹‹የማን አጎት?››
‹‹አባትሽ አለ?››
‹‹ብቻዬን ነው የምኖረው›› አለችው።

ወይ ልጄ! ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

ወጣሁ። ደረጃው ታች ቆሟል፣ አልወጣም። ሥራ ቦታ የረሳሁትን ፔርሙስና ኩባያ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ከጤና ጣቢያው መጥተው ሁሉንም መርምረዋል። አለቃ ‹‹ማነው ይሄን ያመጣብን?›› ብሎ ሲጮህ ሙጫ እጁን አውጥቶ ‹‹እኔ ነኝ›› ብሏል። አላባረረውም፤ ሰድቦት ሲያበቃ ‹‹መስኮት የሌለው ቤት ነው እንዴ የተከራየሁት?›› ብሎ መስኮቱን ራሱ ከፍቷል። ቆራጯ ደህና ናት።

‹‹ስለ አንተ ማንም አልጠየቀ›› አለ። ‹‹እኔም ምንም አላልኩም።››
‹‹ዝም ማለት ታውቅበታለህ።››
‹‹እሱስ…›› አለ። ጫማውን አየ። ‹‹ምን ላድርግ? ንገረኝና ላድርገው።››

ለሁሉም ነገር ዝርዝር አለኝ፣ ለዚህ የለኝም። ፔርሙሱን ተቀብዬ ገባሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሥራ ተመለስኩ። በሽታው እየለቀቀኝ ነው፣ አሁን አላስተላልፍም። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወጥቷል።

መስኮቱ ክፍት ነው። በየሉሁ ክምር ላይ አንዳንድ ቁራጭ ብረት ተቀምጧል፤ ከመቁረጫው የተረፈ የድሮ ቢላ በመጋዝ ቆራርጦ የሠራው ሙጫ ነው። ሃያ ሦስት ብረት። ቀኑን ሙሉ አንድ ሉህ አልበረረም። አሥራ አራት ዓመት ‹‹አይቻልም›› ስንባባል የነበረው ይሄ ነው።

ጠረጴዛውን ለሁለት ከፍሏል። እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ። የታጠፈውን አምጥቶ ጥግ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔ አነሳለሁ። ከአውራ ጣቱ አጠገብ እርጥብ ስፖንጅ አስቀምጧል፣ ጣቱን አይልስም። ሦስት ጊዜ አቶ ዝርዝር ሊለኝ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ይቅር አላልኩትም። ልዋሽ አልፈልግም፣ እዚህ ላይ እንኳን። ይቅር የምልበት ቀን ካለ አላውቀውም። ሉሁን ግን እሰፋዋለሁ።

እቤት ስገባ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት የውሃ፣ የእንቁላልና የእጅ መታጠብ ዝርዝር የለም። በቦታው የእሷ ጽሕፈት ተለጥፏል። ሳልነካው እዚህ ልገልብጠው፦

1. የእኔ ኪኒን — ሐሙስ ሐሙስ።
2. የአባዬ ኪኒን፣ ጠዋት ሦስት ዓይነት፣ ማታ አንድ።
3. ውሃ እኔ አፈላለሁ።
4. እንቁላል ይጠንክር፣ ድንጋይ ግን አይሁን።
5. መስኮት።
6. ላብ፣ ሳል፣ ትኩሳት፣ ቀበቶ — መጠየቅ የለም። ማየት።

ሰባተኛ የለም።

‹‹ለምን መጠየቅ የለም?›› አልኳት።
‹‹ስትጠየቅ ትዋሻለህ›› አለች፣ ከምጣዱ ላይ ቀና ሳትል። ከዚያ ዞራ ቀበቶዬን አየች፣ ቀዳዳውን ቆጠረች፣ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገች።

የማታዋን ኪኒን ስውጥ ‹‹አፍህን ክፈት›› አለችኝ።

ከፈትኩ። ምላሴን አነሳሁ። መዋጤን አይታ ራሷን ነቀነቀችና አንድ እንቁላል ሳህኔ ላይ አስቀመጠች።